የክንፍ ጀርባ፦ በግሪክ ያሳለፍኩት ሳምንት

ከተመለስኩ አንድ ወር አለፈኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጫርኩትን ቁጭ ብዬ የገለበጥኩት ግን አሁን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነቴ ነው። ያደግሁት ጎንደር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ካላችሁ ጣሪያው ሙሉ መልአክ ነው። ፊትና ክንፍ፣ ፊትና ክንፍ። ትንሽ ልጅ ሆኜ እናቴን «ክንፉ ከኋላቸው በምን ተያዘ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እዚህ አይወራም» ብላ ዝም አሰኘችኝ። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደገ።

አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ማይን ወንዝ ዳር ሊቢግሃውስ የሚባል የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የጥንት ሐውልቶች ባለ ቀለም እንደነበሩ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ነበር። እኔ ግሪክ ሲባል ነጭ እብነ በረድ ብቻ ነበር የሚታየኝ። እዚያ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የለበሱ ሐውልቶች ሳይ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ደግሞ ትንንሾቹን የሸክላ ምስሎች አገኘሁ። የፍቅር አምላክ ያሉት ኤሮስ፣ የድል አምላክ ያሏት ኒኬ። ሁለቱም ክንፍ አላቸው። ብዙዎቹም የጥንት ቀለማቸው ርዝራዥ እስከ ዛሬ አለባቸው። የዓመት ፈቃዴን ለእነሱ አዋልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ አቴንስ

ከአውሮፕላን ማረፊያው በሜትሮ 9 ዩሮ ከፍዬ ከተማ ገባሁ። ያረፍኩት ኪፕሴሊ ሰፈር፣ የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። አቴንስ ከመጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት አንዲት አሮጊት ሲያስታምሙ ነው። ግሪክኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። እኔም እንደ ጓደኛዬ እትዬ አልኳቸው።

ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። እንጀራው ከሐበሻ ሱቅ የተገዛ ነው፤ ከፍራንክፈርቱ ይለሰልሳል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ሞሰቡን ወደ እኔ እየገፉ፣ «የኔ ልጅ፣ ለአሻንጉሊት ብለሽ ከጀርመን ድረስ?» አሉኝ።

«አሻንጉሊት አይደሉም እትዬ። መቃብር ውስጥ ከሟች ጋር የሚቀመጡ ናቸው።»

«እሱማ የባሰ ነው» ብለው አማተቡ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ብሔራዊ ሙዚየም

ጠዋት ሻይ እያቀረቡልኝ «ዛሬ ሚካኤል ነው። ባለ ክንፎቹን ልታዪ ስትሄጂ ባለ ክንፉን እንዳትረሺ» አሉኝ። ከቤት የወጣሁት ሻማ አብርቼ ነው።

ፓቲሲዮን የሚባለውን መንገድ ይዤ በእግሬ ወረድኩ። በመንገዴ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ በ1 ዩሮ ገዛሁ። የሙዚየሙ መግቢያ 12 ዩሮ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ወርቁ ጭምብልና ወደ ትልልቁ የነሐስ ሐውልት ይጎርፋል። እኔ ደረጃውን ይዤ ወጣሁ። ላይኛው ፎቅ ጸጥ ያለ ነው። የእግሬ ኮቴ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ኤሮስ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ልጅ ነው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ። አንዱን እግሩን ወደ ኋላ አንስቷል። መሬቱን አሁን የለቀቀ ይመስላል። የክንፉ ላባ ከትከሻው የሚገናኝበት ስርጉድ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ቀርታለች። ሌላው ቦታ ሁሉ ነጭና ጭቃማ ነው። ያቺን ፍሬ ካየሁ በኋላ ግን ሙሉው ክንፍ ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ።

ይህ ሰማያዊ የግብፅ ሰማያዊ ይባላል። አሸዋ፣ ኖራና መዳብ አብረው በእሳት ተጋግረው ነው የሚወጣው። ባለሙያዎች ዛሬ ብርሃን አብርተውበት በኢንፍራሬድ ካሜራ ያነሱታል። ዓይናችን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ እንኳ ሰማያዊው እንደ ፍም ያበራል። ሮዙ ቀለም ደግሞ ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ ነው። ለጉንጭ፣ ለከንፈርና ለልብስ ይቀቡታል። አንዳንዱ ላይ ወርቅም ይለጠፋል።

ታዲያ ለምን ረገፈ? ቀለሙ የሚቀባው ሸክላው ከተጠበሰ በኋላ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ነጭ አፈር በውሃ በጥብጠው ያለብሱታል፣ ከዚያ ይተኩሱታል፣ ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀለሙ እሳት ስላልነካው ከሸክላው ጋር አልተዋሃደም። የመቃብር እርጥበት ይበቃዋል። የቆፋሪ ጣትም ይበቃዋል። ለማጽዳት ተብሎ የታጠበ ስንት ምስል ይኖር ይሆን? ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ጀርባቸውን ለማየት አንገቴን አጣመምኩ፣ በርከክ አልኩ። አንዲት ጥበቃ አዩኝና መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው «ፒሶ?» አሉኝ። ከኋላ ማለት ነው። በግሪክኛ የማልረሳው ቃል ቢኖር ይሄ ነው። ዙሪያውን መዞር የሚቻል መስታወት ሣጥን አሳዩኝ።

ከኋላ ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ፊታቸው ሁሉ ጥንቅቅ ያለ ነው። ጀርባቸው ግን ልሙጥ፣ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። መሀሉ ላይ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ አለ። ምስሉ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲተኮስ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ከቀዳዳው ከፍ ብሎ ትከሻው ላይ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። የክንፍ ቦታ ናቸው! ክንፉ ለብቻው ይሠራና እዚያ ይሰካል። በቀጭን ጭቃ ይጣበቃል። ብዙዎቹ ክንፋቸው ወድቆ ጠፍቷል። ያለ ስንጥቁ ተራ ልጅ ይመስሉ ነበር፤ ኤሮስ መሆናቸውን የሚናገረው ያ ጠባሳ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ክር ማሰሪያ አላቸው። ተንጠልጥለው በአየር ላይ እንዲዞሩ ነው የተሠሩት።

ከጎኑ አንድ የተሰበረ ነበር፣ ግማሽ ገላ ብቻ። ውስጡ በደንብ ይታያል። የሠሪው ጣት ጭቃውን ወደ ቅርጽ ማውጫው እየጫነ ያለፈባቸው ስርጉዶች እንዳሉ አሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው የአውራ ጣት መስመር ልክ ትናንት የተጫነ ይመስላል።

የእናቴን መልስ ያገኘሁት እዚያ ነው። በጭቃ ነው የተያዘው። በሰው ጣት።

ሙዚየሙ ካሉት ምስሎች ብዙዎቹ ከሚሪና የመጡ ናቸው። ሚሪና ዛሬ ቱርክ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከ1880 እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ፖቲዬና ሬናክ የተባሉ ፈረንሳዮች መቃብሮቿን ቆፈሩ። ኤሮስና ኒኬ በብዛት ወጡ። ከፊሉ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም፣ ከፊሉ ኢስታንቡል ይገኛል። የሚሪና ሠሪዎች ስማቸውን ይጭሩ ነበር፤ የሚጭሩትም ከኋላ ነው። ዲፊሎስ አንዱ ነው። ስሙ ከፊት ቢሆን ኖሮ የአምላኩን መልክ ያበላሽ ነበር። ከኋላ ግን ማንም አይከለክለው።

ስለ ሠሪዎች ሳስብ ወለቃ ትዝ አለችኝ። ከጎንደር ወጣ ብላ ወደ ደባርቅ መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። ቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሠሩባት ነበር። አንበሳ፣ ወፍ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። እነዚያን እጆች ሀገር ቡዳ እያለ ይፈራቸው ነበር። ምስሉን ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጣል፣ ሠሪዋን አያስጠጋም። እነዚያ ሴቶች ወደ እስራኤል ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆነ። የወለቃ ምስል ጀርባ ላይ ስም አይቼ አላውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ምሳ ፈልጌ ከሙዚየሙ ጀርባ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ረቡዕ ነው፣ ጾም። እትዬ አስጠንተውኝ ነበር፤ «ኒስቲሲማ» ስል አስተናጋጁ ወዲያው ገባው። የጾም ምግብ ማለት ነው። ፋቫ አመጣልኝ፣ ከቢጫ ክክ የሚሠራ፤ ከላይ ዘይትና ጥሬ ሽንኩርት። ክክ አልጫ ላይ እርድ ተረስቶበት ብትበሉት ነው። ከእሱ ጋር የተቀቀለ ጎመን በሎሚ። 11 ዩሮ። በእኛ ዓይነት ጾም የሚጾም ሕዝብ ሀገር ውስጥ መብላት እንዴት ያሳርፋል። ፍራንክፈርት «ወተት የለበትም? ቅቤስ?» ስል ነው የምውለው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ቴብስ

ሊዮሲዮን ካለው መናኸሪያ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ጥጥ እርሻ፣ ደረቅ ኮረብታ፣ እንደገና ጥጥ። የቴብስ ሰዎች ከተማቸውን ቲቫ ነው የሚሏት።

ሙዚየማቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሶ የተከፈተ ነው። ያማረ ነው። እኔን ያስቆሙኝ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ጥንታዊት ከተማ ከታናግራ የመጡ የሸክላ ሣጥኖች ናቸው። ሬሳ ማኖሪያ ናቸው፤ ከኤሮሶቹ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ጎናቸው ላይ ሴቶች ተስለዋል። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው በሰልፍ ይሄዳሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። አያቴ ስትቀበር አክስቶቼ እንዲያ ነበሩ። ሙሾውን ልሰማ ምንም አልቀረኝ።

እዚህ አካባቢ ከእነሱ በጣም ዘግይተው የተሠሩ፣ ወፍ የመሰለ ፊት ያላቸው የሴት ምስሎችም አሉ። ገበሬዎቹ ሲያገኟቸው «ፓፓዴስ» አሏቸው። ቄሶች ማለት ነው። ረጅሙ ቆባቸው የቄስ ቆብ ስለመሰላቸው ነው።

ማታ ትንሽ ሆቴል አደርኩ፣ 48 ዩሮ። ሞቅ ያለ ውሃ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ብርድ ልብሱ ግን ከባድና ጥሩ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ታናግራ

ከአንድ ባለ ታክሲ ጋር በ50 ዩሮ ተስማማን። ታናግራ ወስዶኝ፣ ጠብቆኝ፣ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሰኝ። «ታናግራ» አልኩት፣ «ታናግራ» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ነድቶ አንድ ትልቅ በር ፊት አቆመ። የሽቦ አጥር፣ ወታደር፣ ካሜራ የሚከለክል ምልክት። የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ነው! ለሾፌሩ ታናግራ ማለት ይሄው ነው። ወታደሩ በእጁ «ተመለሱ» አለን። እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ። ሾፌሩ እየሳቀ ዞረ።

አንድ ሽማግሌ እረኛ ጠይቀን የጥንቷን ከተማ ኮረብታ አገኘን። የቅጥር ድንጋይ፣ እሾህ፣ ደረቅ ሣር። አጥር ስላለው ከውጭ ዞርኩት። ከታች ሜዳው ተንጣሏል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎች እዚህ ሜዳ ላይ መቃብር አገኙ። ነጋዴ ደረሰ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ መቃብር ተከፈተ። መንግሥት ቁፋሮውን በእጁ ሲያስገባ ብዙው ሄዷል። ኩታ የመሰለ ልብስ የተከናነቡት ሴቶች፣ ኤሮሶቹ፣ ሁሉም ወደ ፓሪስ፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ለንደን። የአውሮፓ ሀብታም ምድጃው ላይ ሊያስቀምጥ ተሻማ። ከዚያ አስመሳዮች ተነሱ። ፎርጅድ ገበያውን ሞላው። ዛሬም ድረስ ባለሙያ የሚያሳስት አለ።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ጄት ተነሳ። ድምፁ ደረቴን መታኝ። ሾፌሩ ጆሮውን ይዞ ወደ ሰማይ አመለከተኝ። ጄቱ ሲሄድ ሜዳው እንደገና ዝም አለ፤ ከሩቅ የበግ ቃጭል ብቻ ይሰማል። አንዲት የሸክላ ስባሪ እግሬ ሥር አየሁ። አላነሳኋትም። ከዚህ ሜዳ የተነሳው ይበቃል።

ኢኖይ የሚባል ጣቢያ አድርሶኝ ወደ አቴንስ በባቡር ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ኤሬትሪያ

«ዛሬ ኤሬትሪያ ልሄድ ነው» ስላቸው እትዬ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ኤርትራ? በምን?»

«በጀልባ፣ እትዬ። እዚሁ ግሪክ ናት።»

ሁለቱም ስሞች ከግሪክኛ ናቸው፣ ግን አይዛመዱም። የእኛዋ ጎረቤት ስሟን ያገኘችው ከቀይ ባሕር ነው፤ ግሪኮች ኤሪትራ ታላሳ ይሉት ነበር። ይህቺ ደግሞ ኤቪያ ደሴት ላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት።

ከማቭሮማቴዎን መንገድ አውቶቡስ፣ ከስካላ ኦሮፑ ጀልባ። ባሕሩን ለመሻገር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ዋጋውም ጥቂት ዩሮ ነው። መኪናው፣ ውሻው፣ ሽንኩርት የጫነው ፒካፕ፣ ሁሉም አብሮን ተሻገረ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የኤሮሶች መቃብር የሚባል አለ። እዚያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። የስልኬ ካርታ አንድ የወይራ እርሻ ውስጥ ከተተኝ። ቀሚሴ እሾህ ይዞ ተቀደደ። ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ውስጡ የእብነ በረድ አልጋዎችና ዙፋኖች አሉት፣ ልክ እንደ ቤት። እዚህ ውስጥ ነበር የሚበርሩ የሸክላ ኤሮሶች የተገኙት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወጥተው ዛሬ ቦስተን ሙዚየም ናቸው። መቃብሩ እዚህ፣ ባለ ክንፎቹ ከውቅያኖስ ማዶ። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ከመቅደላ የተወሰደው ሁሉ የት እንዳለ እያወቅሁ ነው ያደግሁት። በሩ ላይ እጄን አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

የከተማዋ ሙዚየም ውስጥ ከአንድ ጥንታዊ ቤት የተገኘ የሸክላ ጎርጎን ፊት አለ፤ ጎርጎን በግሪኮች ተረት ጸጉሯ እባብ የሆነ አስፈሪ ሴት ናት፣ ምላሷን ያወጣች። ወደብ ላይ ጥብስ ሰርዲን በላሁ፣ 9 ዩሮ። እስካሁን አፌ ላይ አለ።

እሁድ ዝናብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእትዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ዋልን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ የሸክላ ሠሪዋ ቤት

አውሮፕላኔ ማታ ነው። ጠዋት እትዬ «ነይ፣ አንዲት የማውቃት ሸክላ ሠሪ አለች» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እትዬ ያስታምሟት የነበረችው አሮጊት ጎረቤት ነበረች፤ የጥንቶቹን ግልባጭ ትሠራለች። እትዬ ቁጭ ብለው አስተረጎሙልኝ።

ሴትዮዋ የጂፕሰም ቅርጽ ማውጫ ሰጠችኝ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ እየጫንኩ አለበስኩት። ሲጠነክር ለቀቀ። ጀርባውን ለብቻው ለሰነችው፣ ቀዳዳውን በቢላ ጫፍ አወጣችው። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚያንስ ነገረችኝ። ጥንትም ከተተኮሰ ምስል ላይ ሌላ ቅርጽ ማውጫ ይወሰድ ነበር። ከእሱ የሚወጣው ልጅ ከአባቱ ያንሳል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ይብስ ያንሳል። አጥኚዎች የትኛው እንደሚቀድም ከሚለዩበት መንገድ አንዱ ይሄ ነው።

ክንፉን እኔ ሰካሁት። ስንጥቁን በውሃ አርሼ፣ ቀጭን ጭቃ ቀብቼ፣ ትንፋሼን ይዤ። መጀመሪያ የሰካሁት ወደ ግራ አዘመመ፤ አውጥቼ ደገምኩት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ተጠግተው ያዩ ነበር። ምንም አላሉም።

እስኪደርቅና እስኪተኮስ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ ትቼው መጣሁ። ለሁሉም 35 ዩሮ ከፈልኩ።

ባለፈው ሐሙስ በቫይበር ፎቶ ደረሰኝ። የእትዬ የእራት ጠረጴዛ ነው፣ የአበባው ላስቲክ ሳይቀር። ኤሮሱ መሀል ላይ ቆሟል። ተተኩሶ ቀልቷል፤ ቀለም ገና አልተቀባም። ያነሱት ከኋላ ነው። ቀዳዳው ይታያል፣ ክንፉ የተሰካበት ይታያል፣ የአውራ ጣቴ አሻራ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ይታያል። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦

«የኔ ልጅ፣ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። ሴትዮዋ ቀለም ሰጥታኛለች። ክንፉን ምን ልቀባው?»

«ሰማያዊ» ብዬ ላክሁላቸው።